ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሕፃን

«አክስቴ፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን አለ እንዴ?» አለች ልጅቷ፣ ዳቦዋን ሻይዋ ውስጥ እየነከረች።

እናትየው ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ሳቀች። «ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሆኖ ከተወለደማ ምን ጡት ይጠባል፣ ቦርሳውን አንግቶ ትምህርት ቤት ይሂድ እንጂ!» አክስትየውም አብራ ሳቀች። ጠዋት በዚያች ሁለት ክፍል ቤት ሳቅ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ሦስቱም በአንድ መስተዋት ፊት የሚገፋፉበት፣ ቧንቧው ሳይደርቅ ባልዲ የሚሞላበት፣ አንዷ ጫማዋን ስትፈልግ ሌላዋ ማበጠሪያውን የምትደብቅበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሳቁን ለማቆም ማንም አልቸኮለም። ልጅቷ ብቻ ናት ያልሳቀችው።

«የምሬን ነው። ፈተናው ላይ ያለ ነው» አለች። «የተወለደው ሕፃን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ግራም ይመዝናል፣ በኪሎ ስንት ነው ይላል። እኔ መጀመሪያ ገመትኩ፤ የታችኛው ቤት ሴትዮ የወለደችውን ታቅፌው የለ፣ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው አልኩ። ሳሰላውም ሦስት ነጥብ ሁለት መጣ። ምርጫው ውስጥ ግን የለም። ሠላሳ ሁለት አለ፣ ሦስት መቶ ሃያ አለ፣ ሌላም አለ። ለሕፃን የሚሆን የለም። ደጋግሜ አየሁት፣ የለም። ባዶውን ተውኩትና ጎኑ ላይ ጻፍኩበት።»

አክስትየው ብርጭቆዋን ወደ አፏ እያስጠጋች ነበር፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ፈተናውን ያወጣችው እሷ ናት። መምህርት ናት፤ ልጅቷ ባለፈው ሳምንት የተፈተነችበት የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ታስተምራለች። ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ ስድስተኛን ለጨረሱ ልጆች አንድ የነፃ ወንበር ያወዳድራል፤ አንድ ብቻ። ለመምህር ልጅ እንጂ ለመምህር የእህት ልጅ ቅናሽ የለም፤ ስለዚህ ልጅቷ እንደ ማንም ተመዝግባ፣ እንደ ማንም ቁጥር ተሰጥቷት ተፈተነች። ያን ጥያቄ መምህርቷ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ዱቄት ነበር፤ የአንድ ከረጢት ዱቄት ክብደት ሠላሳ ሁለት ሺህ ግራም ነው፣ በኪሎ ስንት ይሆናል የሚል። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን «ዱቄት አምናም ነበር፣ ነገሩን ለውጪው» ብሎ መለሰላት። እሷም ለወጠችው። ዱቄቱን ሕፃን አደረገችው፤ ሕፃን ሠላሳ ሁለት ሺህ ግራም ስለማይሆን ቁጥሩንም ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አደረገችው። ምርጫዎቹን ግን አልነካቻቸውም። አሁን፣ ብርጭቆው አየር ላይ እንደ ቆመ፣ እነዚያ አራት ምርጫዎች እንደ ጻፈቻቸው ፊት ለፊቷ ተደረደሩ።

«በደንብ አላነበብሽው ይሆናል» አለች።

ምን እንዳለች ራሷም የሰማችው ከተናገረችው በኋላ ነው። ልጅቷ «ደጋግሜ አየሁት አልኩሽ እኮ» አለች። አክስትየው ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ሻዩ ትንሽ ፈሰሰ። «በይ እንግዲህ ውጤቱ ዛሬ ከሰዓት ይለጠፋል፣ ያኔ እናያለን» ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ታላቅ እህቷ ከመኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ይቺ ታላቅ እህት የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች። በዚያ ጠዋት መኪናዋ ላይ የነበረው የዚያው የግል ትምህርት ቤት ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ቁርጥራጩን ከሱቁ ጠይቃ አጠራቅማ፣ ልጅቷን ሳትለካት፣ በዓይኗ ብቻ ገምታ፣ ለሚመጣው ዓመት ጭምር እንዲሆን ጠርዙን አጥፋ ነው የምትሰፋው። ዓርማው እንኳ ደረቱ ላይ ተሰፍቶ አልቋል። «ውጤቱ ሳይታወቅ ምን አጣደፈሽ?» ብትባል «ልጄን አውቃታለሁ» ብላ አፍ ታስዘጋለች። እሷ በልጅቷ ዕድሜ ሳለች ትምህርቷን ያቋረጠችው ታናሽ እህቷ እንድትቀጥል ነው፤ ይህ በዚያ ቤት ተነግሮ አያውቅም፣ ሦስቱም ግን ያውቁታል።

መምህርቷ መንገዱን ሁሉ ከራሷ ጋር እየተነጋገረች ሄደች። ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ጎኗ የሽንኩርት ዘንቢል፣ ከሌላው ጎኗ ስልኩ ላይ የሚጮህ ሰውዬ ነበሩ፤ ሁለቱንም አላየቻቸውም። ለርዕሰ መምህሩ እነግረዋለሁ፣ አለች። ገብቼ በሩን ዘግቼ ጥያቄው ላይ ስሕተት አለ፣ ስሕተቱም የኔ ነው እላለሁ። ምን ይመጣል? ጥያቄው ይታረማል፣ አለቀ። እንዲህ ብላ ልቧን ትሞላና ሚኒባሱ ለመጫን ሲቆም የእሷም ልብ አብሮ ይቆማል። አምና የሳይንስ መምህሩ ያወጣው ጥያቄ ሁለት ትክክለኛ መልስ ተገኘበትና ወላጆች ተሰብስበው መጡ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ድምጿን ከፍ እንኳ አላደረገችም። ዓመቱ ሲያልቅ የሁሉም ኮንትራት ታደሰ፣ የሱ አልታደሰም። አሁን መናኸሪያው አጠገብ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። አንድ ቀን አይታው፣ እንዳያያት መንገድ ተሻግራለች። የቤት ኪራዩን የምትከፍለው ደግሞ እሷ ናት፤ የእህቷ ደመወዝ ለዳቦና ለክር ነው። ይሁን፣ እነግረዋለሁ፣ አለች እንደገና። ከሚኒባሱ ስትወርድ ቃሉን አፏ ውስጥ እንደ ተዘጋጀ ይዛው ነበር።

ይቺ ሴት ለዓመታት አፏን ሞልታ የምታስተምረው አንድ ነገር ነው፤ መለኪያ ከመቀየራችሁ በፊት ገምቱ። ግራሙን ወደ ኪሎ፣ ሜትሩን ወደ ሴንቲ ሜትር ከማዞራችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍኑና ነገሩን እዩት፤ በሩን፣ ባልዲውን፣ ድመቷን። ይሄን ያህላል በሉ። ከዚያ አስሉ። ስሌቱና ግምቱ ካልታረቁ ስሌቱን አትመኑት፤ በሺህ ማካፈል ሲገባችሁ በመቶ አካፍላችሁ ይሆናል፣ ወይም ማካፈሉን ትታችሁ አባዝታችሁ። ደብተራቸው ላይ ከመልሱ መስመር በላይ አንድ የግምት መስመር ያሰምራሉ፤ ያ መስመር ባዶ ከሆነ መልሱ ትክክል ቢሆንም ሙሉ ነጥብ የለም። በዚህ የተነሳ ተማሪዎቿ «ቲቸር በግምት» ይሏታል። መምህራኑም ሻይ ክፍል ስትገባ «በግምት መጣች፣ ወንበር ስጧት» እያሉ ይቀልዳሉ። ቅጽል ስሙን አትጠላውም፣ እንዲያውም ትኮራበታለች። የእህቷን ልጅ ደግሞ ይህንኑ ያስተማረቻት ቤት ውስጥ ነው፤ ዳቦ በእጅ መዝና፣ ጀሪካን በዓይን ለክታ፣ የዳቦ ሻጩን መቀነስ ከሁሉም ቀድማ እስክትነቃበት ድረስ። ልጅቷ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፤ ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሳ አንዳንድ ቀን መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጽፋለች። የግምት መስመሯን ግን አንድም ቀን ዘላ አታውቅም።

መምህርቷ መጀመሪያ የሄደችው እርማት ወደሚደረግበት ክፍል ነው። ዘመድ የተፈተነበት መምህር ማረም ስለማይፈቀድለት የሚያርሙት የስፖርቱና የሥዕሉ መምህር ናቸው። አስተራረማቸውም ቀላል ነው፤ ትክክለኛው መልስ ባለበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ የተበሳ ካርቶን ወረቀቱ ላይ ያስቀምጣሉ፣ በቀዳዳው በኩል ክብ ከታየ ምልክት ያደርጋሉ፣ ካልታየ ያልፋሉ። ጥያቄውን ማንበብ አያስፈልግም፤ ካርቶኑ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ካርቶኑን የበሳችው እሷ ናት። በሩ ላይ ቆማ ሰላም አለቻቸው። የስፖርቱ መምህር ለሻይ የሚጠራው ሰው ያገኘ ያህል ደስ አለው።

«ነይማ እይልኝ፣ ይቺን ጉድ!» አለ፣ አንድ ወረቀት እያወጣ። «ሁሉንም መልሶ መልሶ አንዱን ባዶ ትቶ ከፈተናው ጋር ይጣላል። ካርቶኑን ሳነሳ ነው ያየሁት።»

ጎኑ ላይ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ፣ ፊደሎቹ እንደ ተሰለፉ ልጆች ቀጥ ብለው ተጽፏል፤ «ግምት፦ ወደ 3 ኪሎ። ስሌት፦ 3.2። ሕፃን 32 ኪሎ አይሆንም። መልሱ እዚህ የለም።» መምህርቷ ጽሑፉን ማንም ሳይነግራት አወቀችው። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያንን «ግምት» የሚለውን ቃል ግን እንዲህ አድርጋ የምታሰምርበት በከተማው ውስጥ አንዲት ልጅ ናት። የሥዕሉ መምህር አንገቱን አስግጎ አየና «እና እውነቱን አይደለም እንዴ? ሕፃን እንዴት ሠላሳ ሁለት ኪሎ ይሆናል?» አለ፣ እንደ ዋዛ። የስፖርቱ ሳቀ፤ «አንተ ደግሞ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሠላሳ ሁለት ብለው የለም? በግምት እያለችልን ምን አገባህ። አይደለም እንዴ ቲቸር?»

እዚህ ላይ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ምልክት። መምህርቷ ወረቀቱን መለሰችና «ርዕሰ መምህሩን ላነጋግረው» አለች። ይህን ስትል እውነቷን ነበር። ደወል ተደወለና ክፍል ገባች።

ሰሌዳው ላይ የጻፈችው ያው የዓመቱን ሁሉ ትምህርት ነው፤ የአንድ ሰው ቁመት አንድ ነጥብ ስምንት ሜትር፣ በሴንቲ ሜትር ስንት? የኋላ ወንበር ላይ ያለው ለፍላፊ እጁን ሳያወጣ «አንድ ሺህ ስምንት መቶ!» አለ። «ግምትህስ?» አለችው። «ግምት አላደረኩም፣ በቀጥታ ነው የመጣልኝ።» «በቀጥታ የመጣልህን ሰው እስቲ በዚህ በር አስገባው» አለች። ክፍሉ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ አንዷ ጀመረች፤ «ቲቸር፣ እግሩ እዚህ ሆኖ ጭንቅላቱ ከፎቁ በላይ ነው!» ሳቁ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህ የምትኖርለት ሰዓት ነው። «አያችሁ» አለች፣ «መለኪያውን ስንቀይር ቁጥሩ ይቀየራል እንጂ ሰውየው አይረዝምም። ስለዚህ መልሳችሁ ከሰውየው ጋር ካልተስማማ…» አለችና ቆመች። ልጆቹ ቀሪውን እንደ ለመዱት በአንድ ድምፅ ጨረሱላት፤ «…መልሱን አትመኑት!» እሷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ፣ ማጥፊያ ፈልጋ፣ ያልተበላሸውን አጠፋች።

የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ግማሹን አሮጌ የፈተና ወረቀት ይዞታል፣ ቀሪውን አንድ ትልቅ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። ሰው ሲገባበት ከወንበሩ ብድግ የሚል፣ ሁሉን ሴት «እህቴ» የሚል፣ የደም ግፊቱን ክኒን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መዋጡን የሚረሳ ሰው ነው። ስትገባ ተነሳላት።

«አንቺን ላስጠራሽ ነበር፣ እህቴ» አለ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት። «የትምህርት ቤቱ ባለቤት አሁን ደውላ ነበር። ዘንድሮስ ፈተናው እንዴት ነው አለችኝ፤ አንድም እንከን የለበትም፣ ሒሳቡን ያወጣችው እሷ ናት አልኳት። ደስ አላት። ኮንትራትሽን ዛሬውኑ እፈርማለሁ ብላለች። የክፍል ኃላፊነቱም ወዳንቺ ሳይመጣ አይቀርም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ከዚያ አፏ ውስጥ የያዘችውን ለማውጣት ሞከረች። «አንድ ጥያቄ ላይ ግን…»

ሰውየው የያዘውን እስክሪብቶ አስቀመጠ። ፊቱ አልተቆጣም፤ የባሰ ነው፣ ደከመው። አምና ያንን ሁሉ ወላጅ አንድ በአንድ የለመነው እሱ ነው። «ችግር አለ?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «ያቺ የእህትሽ ልጅም ተፈትናለች አይደል? እንግዲህ አሁን አንድ ነገር ቢነካካ ሰው ምን ይላል። እስካሁን ተጠንቅቀሻል፣ አደንቅሻለሁ። ችግር ካለ ግን ንገሪኝ፤ ወረቀቱ ሳይለጠፍ አሁን ንገሪኝ።»

አሁን ንገሪኝ ብሏታል። ይህን ነገሩን ለማለዘብ መደበቅ አያስፈልግም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላት ነበር። የሳይንስ መምህሩን አሰበች፣ የስልክ መሸፈኛዎቹን በገመድ ላይ አንጠልጥሎ። የቤት አከራያቸውን አሰበች፣ ወር በገባ ጠዋት በሩን እያንኳኳ። ስለ ልጅቷም አሰበች፤ ስለ እሷ ያሰበችው ግን እንዲህ ብላ ነው፦ ጎበዝ ናት፣ የትም ብትማር ታልፋለች። ሰው የሚወደውን ሲሸጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ እያሞገሰ ነው።

«አይ» አለች። «አንዱ ጥያቄ ላይ ኅትመቱ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ነበር። ይነበባል ግን።»

«ተመስገን» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ክኒኑንም ያኔ አስታውሶ ዋጠ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ካለው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ታላቅ እህቷ ከሱቁ ፈቃድ ጠይቃ መጥታለች፤ ጣቷ ላይ የምታጠልቀውን የመርፌ መከላከያ እንኳ ሳታወልቅ፣ ቀሚሷ ላይ የክር ብጥስጣሽ እንደ ተጣበቀ። ልጅቷ እጇን ይዛታለች። መምህርቷ ከመምህራን ክፍል መስኮት ታያቸዋለች፤ ወርዳ አጠገባቸው መቆም አልቻለችም። እህቷ ጣቷን ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ታንቀሳቅሳለች፣ ክፉውን አስቀድሞ ለመጨረስ እንደሚፈልግ ሰው። ጣቱ ሁሉንም አልፎ ከላይ ሁለተኛው ላይ ቆመ። በአንድ ነጥብ አንሳ። ከላይ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ሙሉ ያገኘ። አባቱ፣ አንድ የታክሲ ሾፌር፣ ልጁን ተሸክሞ ግቢው ውስጥ ይዞራል፤ ልጁ እንዲያወርደው እያፈረ ይለምነዋል። እህቷ ወረቀቱ ፊት ብዙ አልቆየችም። የልጅቷን ኮሌታ አስተካከለችላትና ይዛት ወጣች።

እነሱ ከወጡ በኋላ ነው መምህርቷ የወረደችው። ሾፌሩ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «ቲቸር፣ አምላክ ይስጥሽ፣ አምላክ ይስጥሽ» አላት፣ ምን እንዳደረገችለት ባያውቅም። ልጁን እንኳን ደስ አለህ አለችው። ከዚያ መጠየቅ የሌለባትን ጠየቀችው፤ «ስለ ሕፃኑ ክብደት የሚለውን እንዴት ሠራኸው?» ልጁ አባቱን አየ፣ እሷንም አየ። «ልክ እንዳልሆነ አውቄያለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ሦስት ነጥብ ሁለት መሆን ነበረበት። ግን ፈተና ላይ ባዶ አትተው ብሎኛል አባዬ። ያወጣው ሰው ነጥብ ረስቶ ይሆናል ብዬ ሠላሳ ሁለቱን ከበብኩት።» መምህርቷ ራሱን ደባበሰችው። ብልህ ልጅ ነው፤ እንኳን ፈተናውን፣ ያወጣችውንም አንብቧታል። አንድ ሰበብ ብቻ ቀርቷት ነበር፣ ያለፈው ልጅ ሳያውቅ ያለፈ ነው የሚል፤ እሱንም ወሰደባት።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ደረጃውን የወጣችው በየፎቁ እየቆመች ነው፣ ቢያንስ ለእህቴ እነግራታለሁ እያለች። ለርዕሰ መምህሩ ያልነገርኩትን ለእህቴ እነግራታለሁ፤ እህቴ አትሸጠኝም። በሩን ስትከፍት ልጅቷ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ እህቷ ደግሞ ሰማያዊውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ዓርማውን ትፈታለች፣ በምላጭ ጫፍ፣ ጨርቁ እንዳይጎዳ አንድ አንድ ስፌቱን እየነቀለች። መኪናዋ ተሸፍኗል። ሻይ ቀርቦ ቀዝቅዟል። ማንም አላለቀሰም፤ ለቅሶ ቢኖር ይሻል ነበር።

«ጨርቁ ጥሩ ነው» አለች እህቷ፣ ቀና ሳትል። «ለሌላ ቀን ትለብሰዋለች። ዓርማው ብቻ ነው የማይሆነው።» አንድ ስፌት ነቀለች። «እኔ የገባኝ ነገር የለም። አንድ ብቻ ነው የሳተችው አሉኝ። ምኑን ነው የሳተችው? አንቺ አይተሽው የለም?»

መምህርቷ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች። እህቷ መልሱን ስትጠብቅ ምላጩን ከጨርቁ አነሳች፤ አመኔታዋ ፊቷ ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ መምህርቷ ልጅ ሳለች የመጀመሪያውን የትምህርት ማስረጃ ወረቀቷን ይዛላት ስትመጣ እንደ ነበረው። ያንን ፊት አይታ ነው ወኔዋ የከዳት። ርዕሰ መምህሩ ፊት ያስፈራት ሥራዋ ነበር፤ እዚህ ያስፈራት ይህ ፊት ነው።

«አነባበብ ነው» አለች። «ጥያቄው ሠላሳ ሁለት ሺህ ግራም ነው የሚለው። እሷ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ብላ አነበበችው። አንድ ዜሮ ዘለለች።»

እህቷ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ሐዘኗ ቢያንስ መልክ አገኘ። «አየሽ!» አለች ወደ ልጅቷ ዞራ። «ረጋ ብለሽ አንብቢ፣ አትቸኩይ፣ ስንቴ ልንገርሽ! በአንድ ዜሮ! በአንድ ዜሮ ዕድልሽን!»

ልጅቷ ከደብተሯ ቀና አለች። እንደ ተማረችው ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ እጇን ወለሉ ላይ ዘርግታ የሆነ ነገር እንደምትመዝን ትንሽ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ዓይኗን ገለጠች።

«ሠላሳ ሁለት ሺህ ግራም» አለች ቀስ ብላ። «ሠላሳ ሁለት ኪሎ ማለት ነው። ሕፃኑ።»

እንደ ጠዋቱ የሳቀ የለም። መምህርቷ ውሸቱን አንዴ እንኳ ሳትገምተው ነው ከአፏ ያወጣችው። እናትየው አልነቃችም፤ ወደ ምላጯ ተመልሳ አንድ እምቢ ያለ ክር በጥርሷ ትጎትታለች። ልጅቷ ግን ዓይኗን ከአክስቷ ላይ አልነቀለችም። አልተቆጣችም፤ ጠበቀች። ለመናገር አሁንም ጊዜ ነበር።

«ሕፃን አይደለም» አለች አክስትየው። «ዱቄት ነው የሚለው።»

«ዱቄት?»

«የዱቄት ከረጢት።»

ልጅቷ ስለ ታችኛው ቤት ሕፃን፣ ታቅፋው ስለ ነበረው፣ ለመናገር አፏን ከፈተች፤ እናቷን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። «እሺ» አለች። ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

መምህርቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ቀዝቃዛውን ሻይ ቀዳች፣ ያለ ስኳር ጠጣችው። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከጨርቁ የሚነቀለው ክርና የልጅቷ እርሳስ ብቻ ነው። ጎንበስ ብላ በትከሻዋ በኩል አየች። ሜትር ወደ ሴንቲ ሜትር፣ ሊትር ወደ ሚሊ ሊትር፤ የልጅቷ ጽሑፍ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። ከመልሱ በላይ ግን ምንም አልተሰመረም። ከላይ እስከ ታች መልስ፣ መልስ፣ መልስ ብቻ ነው።

«ግምቱስ?» አለች፣ ድምፁ ከራሷ አፍ የወጣ ሳይመስላት።

«ትቼዋለሁ፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ ሳትዞር። «ከእንግዲህ ከተሰጠኝ ነው የምመርጠው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች እናትየው፣ የመጨረሻውን ክር ነቅላ ዓርማውን መዳፏ ላይ እያስቀመጠች። «አክስትሽን እንዲህ ስሚ።»